ሮዝ ጃኬት ለወንድ ልጅ፣ ኪስ ለሴት ልጅ

ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ ሴት፣ ትንሹ ወንድ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አባዶን የሚያውቅ ብርዱን ያውቀዋል፤ ተራራ ስር ስለሆንን የጠዋቱ አየር ከመሀል ከተማው ይለያል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከአስፋልቱ ፈቀቅ ያለ ሁሉ ጭቃ ይረግጣል። ልጅ ያለበት ቤት ወፍራም ጃኬት፣ ቦቲና ሹራብ ሳይገዛ አይከርምም። ልጅ ደግሞ ልብሱ ሳያልቅ እሱ ያድጋል። ስለዚህ የትልቋን ልብስ እያጠብኩ በማዳበሪያ ቋጥሬ አልጋ ስር አኖር ነበር። ትንሹ ሲመጣ ማዳበሪያው ተፈታ። የወጣው ልብስ ሁሉ ጤነኛ ነው፣ አንዳንዱማ አዲስ ይመስላል፤ ግን አብዛኛው ሮዝ።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ማዳበሪያ ቤቷ ላስቀመጠችና የሰው አፍ ፈርታ ደህና ልብስ ልትጥል ለምታስብ እናት ነው። አባትም ካነበበው ደግ።

ልጁን ታቅፌው ሳለሁ ማንም ምንም አላለኝም። ወሬው የተጀመረው ድክ ድክ እያለ ግቢ መውረድ ሲጀምር ነው። "ውይ፣ ሴት መስላኝ!" የሚለው ቀላሉ ነበር። ቡና የምንጠራራት አንዲት ጎረቤቴ፣ የምወዳት ሴት፣ "እታለም፣ ኋላ ሴታ ሴት ሆኖ እንዳይቀርብሽ" አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ ልጁን ስለምትወደው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ትምህርት መስጠት አይሆንም። "የእህቱ ነው፤ ደህና ልብስ ምን ብዬ ልጣል?" አልኳት። "እሱስ እውነትሽን ነው፣ ኑሮው እንዲህ ሆኖ!" አለችና ወሬው ወደ ዘይት ዋጋ ዞረ። እዚህ ሰፈር ከኑሮ ውድነት የበለጠ የሚያሳምን ክርክር የለም፤ ተጠቀሙበት።

ለራሴ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ስለፈለግሁ አነበብኩ። ሮዝ የሴት፣ ሰማያዊ የወንድ የሚለው ከጥንት የኖረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለሕፃናት ልብስ ነጋዴዎች ይታተም የነበረ አንድ መጽሔት የሰጠው ምክር የተገላቢጦሽ ነበር፦ ሮዝ ጠንከር ያለ ቀለም ስለሆነ ለወንድ፣ ሰማያዊ ለስለስ ያለ ስለሆነ ለሴት። ቀደም ሲልማ እዚያ ወንዱም ሴቱም ሕፃን ነጭ ቀሚስ ነበር የሚለብሰው፤ ጨርቁን ለመቀየርም ለማጠብም ይመቻል። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1884 እ.ኤ.አ.፣ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው የተነሳው ፎቶ አለ፤ ጸጉሩን አሳድጎ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ይዞ ቁጭ ብሏል። እኚህ ሰው ለፕሬዚዳንትነት አራት ጊዜ ተመርጠዋል።

የዛሬው አከፋፈል ሥር የሰደደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አልትራሳውንድ ተስፋፍቶ ወላጅ የልጁን ጾታ ገና በማኅፀን ሳለ ማወቅ ሲጀምር ደግሞ ጠነከረ። ሒሳቡ ለነጋዴ ግልጽ ነው፤ ሴትና ወንድ ያሏት እናት የአንዱን ለሌላው ካላለበሰች ሁሉንም ነገር ሁለቴ ትገዛለች።

ወንድና ሴትን መለየት ከፈረንጅ የመጣ ነው እያልኩ አይደለም። እኛም እንለያለን፤ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። በእናቶቻችን ጊዜ ወንዱ ቁንጮ ሴቷ ጋሜ ነበሩ። ቡሄ ላይ ወንዶቹ ሆያ ሆዬ፣ እንቁጣጣሽ ላይ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ። ይህን ልነካ የተነሳሁ ሰው አይደለሁም፤ እንዲያውም የአበባየሆሽ ጠዋት ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ነው። ሮዝና ሰማያዊ ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። የድሮው ልጅ ወንድም ሆነ ሴት ነጭ ጥብቆ ነው የሚለብሰው። ኦሪት ዘዳግም 22ን እየጠቀሰች ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ ተከልክሏል የምትለኝ የማኅበር እኅት አለችኝ። ቃሉን አልክድም። ጃኬትን በቀለሙ የሴት ያደረገው ግን ፋብሪካው እንጂ ኦሪት አይደለም። እሷና ባለቤቷ እሑድ እሑድ ሁለቱም በነጭ ነጠላ ነው የሚሳለሙት፤ ይህን ስነግራት ሳቀች፣ አልተስማማችም።

ወደ ማዳበሪያው ልመለስ። ሁሉን ነገር አላለበስኩትም። ቀሚስና ጉርድ ለይቼ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁ። የቀረውን የመረጥኩት በአገልግሎቱ ነው፤ ይሞቃል ወይ፣ ዚፑ ይሠራል ወይ፣ ልጁ ራሱ አውልቆ ሽንት ቤት መግባት ይችላል ወይ። ፒጃማ፣ የውስጥ ልብስ፣ ከሱሪ ስር የሚለበስ ታይት፣ የቤት ሹራብ ማንም አያየውም፤ ለዚህ አዲስ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ዶቃና ጨሌ የተሰፋበትን ግን ዶቃውን አውልቄ ጣልኩ፤ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያስገባ ነበር።

"ቀለሙን ለምን አታስነክሪውም?" ያሉኝ ነበሩ። ማወቅ ያለባችሁ ነገር ቢኖር ጥጥ ልብስ ቀለም ይቀበላል፤ ጃኬት ግን አብዛኛው ፖሊስተር ስለሆነ ተራ ቀለም አይዘውም። ጥጡንም ቢሆን የስፌቱ ክር ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ ልብሱ ጠቁሮ ክሩ ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። አንድ ሹራብ አስነክሬ አየሁት። ከሩቅ ያምራል፣ ከቅርብ ጠባሳ ይመስላል። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

በሴቷ በኩል ያለው ነገር ከቀለም ይብሳል ባይ ነኝ። ልጄ ጠጠር ትሰበስባለች፤ ቅልብልቦሽ ስለሚጫወቱ ለስላሳ ክብ ጠጠር በግቢው ውስጥ እንደ ወርቅ ነው። አንድ ቀን ጠጠሮቿን በእጇ ጨብጣ ደረጃ ስትወጣ መደገፊያውን መያዝ አቅቷት ወደቀች። "ኪስሽ ውስጥ አታደርጊውም?" ስላት ሱሪዋን አሳየችኝ። ኪስ የሚመስል ስፌት አለው፤ ጣቴን ልከት ስል አይገባም። አፉ ላይ ክዳን ተሰፍቶ፣ ቁልፍ ተደርጎበት፣ ከኋላው ምንም የለም። የወንድሟን ሱሪ አወጣሁ፤ ሁለት የጎን፣ ሁለት የኋላ፣ አንዱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ። ለምን እንደሆነ እስቲ አስቡት፤ ሴቷ ልጅ የምትይዘው ነገር የላትም ወይስ ገና ከአሁኑ ቦርሳ መያዝ ትልመድ?

ብሎካችን ምድር ቤት ልብስ ሰፊ አለ፤ ጋሼ ነው የምንለው። ሱሪውን ወሰድኩለት። "ጋሼ፣ እዚህ ጋር እውነተኛ ኪስ ያስገቡልኝ" አልኩት።

"የልጅቷ ነው? ሴት ልጅ ኪስ ምን ይሠራላታል?"

እሷ ከኋላዬ ሆና "ለጠጠር!" አለችው።

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት። የውሸቱን ስፌት በምላጭ ፈታ፣ ከአሮጌ የሸሚዝ ጨርቅ ሁለት ኪስ ቆረጠ፣ አስገባና ጫፉን ደጋግሞ መታው፤ ጠጠር ከሆነ እንዳይቀደድ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሱሪ ስንገዛ መጀመሪያ እጄን የምሰደው ወደ ኪሱ ነው። የሳልባጅ ልብስ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሌላ መላ አለው፤ ለሴት ልጅ የወንድ የተባለውን ክምር ጭምር ፈትሹ። ጉልበቱ ወፍራም፣ ኪሱ ጥልቅ፣ ስፌቱ ድርብ የሆነው እዚያ ነው ያለው። በነገራችን ላይ መርፌና ክር የሴት ነው የሚል ሰው ካለ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሸማኔዎቹን ይይ። እንደ ጋሼ ያለው ልብስ ሰፊም በየሰፈሩ አብዛኛው ወንድ ነው።

አሻንጉሊት ላይ ስንመጣ ነገሩ ይወፍራል። መርካቶም ሂዱ መገናኛ፣ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ለወንድ ነው ለሴት?" ብሎ ነው። ለወንድ ካላችሁ መኪናና ሽጉጥ ይወርዳል፤ ለሴት ካላችሁ አሻንጉሊት፣ ድስትና የመኳኳያ ዕቃ። እኔ የምመልሰው "ለአራት ዓመት ልጅ" ብዬ ነው። መጀመሪያ ግራ ይገባቸዋል፤ ቀጥሎ ሁሉንም ያወርዱታል፤ ያኔ መምረጥ ይቻላል። እኛ ቤት የማይገባው ሽጉጥ ብቻ ነው፤ ለወንዱም ለሴቷም።

ይህ ልማድ የነጋዴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1978 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የስድስት ወር ሕፃን አምጥተው አንዴ የወንድ ልብስና ስም፣ አንዴ የሴት ልብስና ስም እየሰጡት ልጁን ከማያውቁ እናቶች ጋር አጫወቱት። እናቶቹ ሴት ናት ለተባሉት ሕፃን መጀመሪያ ያቀበሉት አሻንጉሊት ሲሆን፣ ወንድ ነው ለተባሉት ደግሞ እንዲንቀሳቀስ፣ እንዲፍጨረጨር ያበረታቱት ነበር። ሕፃኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ልብሱ ነው። ልጅ ገና ሳይናገር እኛ መርጠንለት ስናበቃ ኋላ "በተፈጥሮው መኪና ይወዳል" እንላለን። ምናልባት ይወድ ይሆናል። ምርጫውን ግን አይተንለት አናውቅም።

የኔ መለኪያ ቀላል ነው፤ ልጁ በዕቃው ምን ይሠራል? የሚደረደርና የሚገጣጠም ነገር ቅርጽና ርቀት መገመት ያስተምራል፤ ይህ ለወደፊት ሒሳብ የሚያግዝ ነው፤ ሴቷም ትፈልገዋለች። አሻንጉሊት ደግሞ ያናግራል። ትንሹ አሻንጉሊት ሲያስተኛ ስሙት፤ "አይዞሽ፣ ጅቡ ሄዷል፣ መብራት መጥቷል" ይላል። ከመኪናው ጋር ሲሆን የሚያወጣው ድምፅ "ድርርር" ብቻ ነው። ቃል የሚማርበትን ለምን እቀማዋለሁ? አንድ ተግባራዊ ነገር፦ ርካሽ አሻንጉሊት ስትገዙ ዓይኑንና ጫማውን ጎትታችሁ እዩ። የሚነቀል ከሆነ ለሕፃን አይሆንም። የመኪናም ከሆነ የባትሪው ክዳን በብሎን ይታሰር።

አሻንጉሊቱን ማዘል የጀመረው እህቱን አይቶ ነው። የባለቤቴ እናት ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ጋር ሰንብተው ነበር። ልጁ የኔን ነጠላ ጎትቶ አሻንጉሊቱን ጀርባው ላይ አድርጎ "እሰሪልኝ" አለኝ። አሰርኩለት። እማማ ከሶፋው ቀና ብለው፦

"ኧረ በስመ አብ! ወንድ ልጅ ያዝላል እንዴ?"

እኔ ዝም አልኩ፤ ምራት ነኝ። ባለቤቴ ነው የመለሰው። "እማዬ፣ እኔን ማን አዝሎኝ ነው ያደግሁት?"

እማማ ቆዩ። "ወንድምህ" አሉ። "እኔ ውኃ ስወርድ እሱ ነበር የሚይዝህ። ያለቀስክ እንደሆነ በጋቢ ጠፍሮ አዝሎህ አጥር ለአጥር ይዞርብህ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ያኔማ ችግር ነበር!" አሉና ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ። አላሳመንናቸውም፤ ነጠላውን ግን አላስፈቱትም። ማታ ላይ እንዲያውም "አንገቷን ደግፍ፣ እንዲህ አይደለም የሚታዘል" ሲሉት ሰማሁ። ከአያት ጋር በዚህ ጉዳይ የሚገጥም ሰው እንዲያስበው የምፈልገው ይህን ነው፤ ክርክሩን በራሳቸው ትዝታ በኩል አምጡት። ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ታናሹን ያዘለ ወንድ ያውቃል።

ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ላይም አንድ ነገር አያለሁ። ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ ሴቶቹ በቆርኪ ወጥ ይሠራሉ፣ ወንዱ "አባት" ይሆንና ከሥራ መጥቶ ይቀመጣል። ያዩትን ነው። የኔው ግን "አባት ነኝ" ብሎ ጉልቻው ጋር ይቀመጣል፤ አባቱ ሽሮ ስለሚሠራ ነው፤ በነገራችን ላይ ከኔ ይጥማል። ማንም ስለ እኩልነት አልሰበከውም።

ትምህርት ቤት ሌላ ዓለም ነው። ትልቋ ኬጂ ሳለች ካሪየር ዴይ የሚባል ቀን ነበራቸው፤ ልጆቹ ሊሆኑ የሚፈልጉትን ለብሰው ይመጣሉ። "ፓይለት" አለች። ልብስ የሚያከራይ ሱቅ ሄድን፤ "የፓይለቱ የወንድ ነው፤ ለሴት የሆስተስ አለን፣ ኮፍያውም ያምራል" አሉን። እንግዲህ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሴቶች ብቻ ያሉበት ቡድን ከአዲስ አበባ ባንኮክ በረራ አድርጓል። አየር መንገዱ ከደረሰበት የልብስ ኪራይ ሱቁ አልደረሰም። የባለቤቴን አሮጌ ነጭ ሸሚዝ ለጋሼ ሰጠነው፤ አጠበበው፣ ትከሻው ላይ ከጥቁር ጨርቅ ሁለት ምላስ ሰፋ፣ በላዩ ላይ በወርቃማ ጥለት አራት አራት መስመር ዘረጋ። የካፒቴን አራት ነው። ከኪራዩ ያነሰ ነው የወጣብን። ፎቶ አሳይቼው ስለነበር ኪስም ጨምሮበታል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልንገራችሁ። ትንሹ ኬጂ እንደገባ፣ የእህቱን ሮዝ ቦቲ አድርጎ ሄዶ ሲመለስ "አላደርገውም" አለ። ልጆቹ "የሴት! የሴት!" እያሉ ዘምረውበታል። አንዳንድ ሰው "ቁም፣ አትሸነፍ፣ ነገም አድርገው" ይላል። እኔ አላልኩም። የአራት ዓመት ልጅ የእናቱን ሐሳብ ተሸክሞ የሚዞር ሰሌዳ አይደለም። ቦቲውን ከፎቅ በታች ካለች ጎረቤት ጥቁር ቦቲ ጋር ተለዋወጥን፤ የሷ ሴት ልጅ በሮዙ ጨፈረች። ግን ሁለት ነገር አደረግሁ። አንደኛ፣ ለልጁ አጭር መልስ ሰጠሁት፦ "የእህቴ ነበር፣ አሁን የኔ ነው።" ሕፃን ረጅም ማስረዳት አይችልም፤ ይህን ግን ይላል፤ በጃኬቱ ጊዜ ብሎትም ያውቃል። ሁለተኛ፣ መምህሯን ብቻዋን አግኝቼ አነጋገርኳት። ቲቸር ጥሩ ልጅ ናት። "የወንዶች መስመር፣ የሴቶች መስመር" እያለች ታሰልፋቸው የነበረውን ትታ በወንበራቸው ረድፍ ማሰለፍ ጀመረች፤ መኪናና ብሎኩም የወንዶች ጥግ መሆኑ ቀረ። በሰው ፊት ብናገራት ኖሮ ይህን የምታደርግ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ የልብስ ልውውጥ ጀምረናል። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ፎቶው ስር ዕድሜና ቁመት ይጻፋል፣ "የሴት" "የወንድ" አይጻፍም። አንዳንዱ አሁንም ይጽፋል። ምንም አንልም፤ የሚፈልግ ይወስዳል። ለልደት ስጦታ ደግሞ ዘመድ ሲጠይቅ እኔ ቀድሜ እናገራለሁ፤ ክሬየን፣ ኳስ፣ የሥዕል መጽሐፍ። ዝም ካላችሁ አምስት ሮዝ አሻንጉሊት ይመጣል፤ ሰውን አትውቀሱ፣ ሱቁ የሚያወርድለት ያንን ነው።

ውጭ አገር ሱቁም እየተለወጠ ነው። የሚገጣጠሙ መጫወቻዎችን የሚያመርተው ሌጎ ኩባንያ ባስጠናው ጥናት መነሻ ምርቶቹን ከጾታ አድልዎ ነፃ ለማድረግ እንደሚሠራ በ2021 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ትልልቅ መደብሮች ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወንድ የሴት ሳይባል አሻንጉሊት የሚደረደርበት ክፍል እንዲኖራቸው አስገድዳለች። የኛን አገር ሱቅ በሕግ ማስገደድ አይታየኝም። እዚህ የሚሠራው የገዢው ጥያቄ ነው።

አሁን የቀረን የትልቋ ዩኒፎርም ነው። ሴቶቹ ጉርድ ነው የሚለብሱት። ጠዋት ታክሲ ስንጠብቅ ጉልበቷ በብርድ ይቀላል፤ ሱዚ ስትዘል ደግሞ አንድ እጇ ጉርዷን ይዞ ነው። ለጊዜው ከስር ታይት አደርግላታለሁ። ከሌሎች እናቶች ጋር ሆነን ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አስገብተናል፤ ለወላጆች ስብሰባ ይቀርባል ተብለናል። ስለ ሴትና ወንድ አንድም ቃል የለበትም፤ ስለ ብርድ ብቻ ነው። ልትገለብጡት ከፈለጋችሁ ዋናው ሐሳብ ይኸው፦ "ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የጠዋቱ ብርድ ለልጆቻችን ጤና አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ሴት ተማሪዎች የሚፈልጉ ከሆነ ቀለሙና ጨርቁ ትምህርት ቤቱ ካወጣው ሳይለይ ሱሪ ዩኒፎርም እንዲለብሱ እንዲፈቀድልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የስፌቱን ወጪ ወላጆች እንሸፍናለን።"